«በለበጣ» የምትለው ቃል

ኅዳር 2፣ ሰኞ

«ጎበዝ!» ተብሎ «አሁን ይሄ ሰው አመሰገነኝ ወይስ ሰደበኝ?» ብሎ ራሱን ያልጠየቀ አለ? ዛሬ ስብሰባ ላይ ይህችን ጥያቄ በአንድ ቃል መለስኳት። በአንዲት ተውሳከ ግስ!

ማተሚያ ቤቱ ከገባሁ ሁለት ወር ተኩል ሆነኝ። ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። አራት ዓመት ቋንቋ ተምሬ በቀን መቶ ጊዜ «ገለጹ»፣ «አስረዱ»፣ «አሳሰቡ» እያልኩ እጽፋለሁ። የድሮዎቹን ቃለ ጉባኤዎች አንብቤያቸዋለሁ። አንድም የሚቆጣ ሰው የለም። አንድም የሚያኮርፍ። ሁሉም ይገልጻል። የኛ ስብሰባ ግን በር ሳይንጓጓ አልቆ አያውቅም።

ዛሬ ወሬው ስለ አዲሱ የሙጫ መጠረዣ ማሽን ነበር። የምናትማቸው የልደት መዝገቦች ከእንግዲህ በክር መሰፋታቸው ቀርቶ በሙጫ ብቻ ይያያዛሉ ተባለ። ጋሼ ሙጫ ተነሱ። ዋናው ጠራዣችን ናቸው፣ ሙጫ ሙጫ ስለሚሸቱ ነው ስሙ የወጣላቸው። ስማቸው ሙጫ፣ ጠባቸው ከሙጫ ጋር። «መዝገብ በቀን አምሳ ጊዜ ይገለጣል፤ ሙጫው ዓመት ሳይሞላው ቅጠል በቅጠል ይረግፋል» አሉ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ መለሱላቸው። ከዚያ ጋሼ ሙጫ ቀስ ብለው ተቀመጡና፣

«ልክ ነዎት ጌታዬ። እኛማ ሠላሳ ዓመት በመርፌ ስንጃጃል ኖረን... ደግነቱ እርስዎ ደረሱልን። እናመሰግናለን።»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ይህን እንዴት «ገለጹ» እላለሁ? በፌዝ? አይ፣ ፌዝ ጥርስ ይታይበታል፤ እሳቸው ፈገግም አላሉ። በሽሙጥ? ሽሙጥ ዞር ብሎ ለሌላ ሰው ነው። በስላቅ? ከበደ፣ የመጽሐፍ ቃል ነው። በለበጣ... አዎ! ከላይ ምስጋና፣ ከሥር ሌላ። «ሲሉ በለበጣ መለሱ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኳት። እንዴት ታምራለች!

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። ሁሉም ሳያነብ ነው የሚፈርመው። ጋሼ ሙጫማ «መነጽሬን ጥረዛ ክፍል ረስቼዋለሁ፣ የት ጋ ነው?» አሉኝ። ጣቴን አስቀምጬ አሳየኋቸው። ፈረሙ።

ምክትላችን ግን አንብበዋል። ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። «አንቺ ልጅ ጆሮ አለሽ።» ሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው በ20 ነው... ጥሩ ምልክት አይደል?

ኅዳር 6፣ ዓርብ



ጋሼ ሙጫ ተከሰዋል። «የበላይ ኃላፊን በስብሰባ ላይ ማዋረድ።» ቅጣቱ ስንብት ነው። ጡረታ ሊወጡ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቷቸው! ደብዳቤውን ያየሁት የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ እትዬ ማኅተም ዘንድ ነው። (ማኅተሙን በቁልፍ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉ እንዲያ ነው የሚባሉት።) ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው አንድ ገጽ ብቻ። የኔ ገጽ። አንዲት ቃል በቀይ ተሰምሮባታል።

«ራሱ ፈርሞበታል፤ ምን ይላል ከእንግዲህ» አሉ ምክትሉ።

ፈርሞበታል። ጣቴን አስቀምጬ እኔው አይደለሁ ያስፈረምኳቸው?

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

እማዬ የጎረቤት ካፖርት ገበር እየቀየረች ነው። መርፌው አፏ ውስጥ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ለበጣ ምንድን ነው?»

«ምነው፣ ማን ለበጠብሽ?»

«እኔ ነኝ የለበጥኩት መሰለኝ።»

መርፌውን አወጣች። «ገበር ከውስጥ ነው፣ ብርድ እንዳይገባ። ለበጣ ከውጭ ነው፣ እንዲያምር። የአክስትሽ ምስጋና ነዋ! ‹አንቺማ ሙያተኛ ነሽ› ስትለኝ የቀሚሱ ጫፍ ጠማማ መሆኑን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ክፉ ነገር ነው?»

«ማን ላይ እንደተባለ ነዋ። እኔን ስትለብጠኝ ክፉ ነው። አክስትሽ ዳኛው ፊት ቆማ ‹ክቡርነትዎ› ስትልስ? ክፉ ነው? ምን ታድርግ ታዲያ፣ በጥፊ ትበለው?»

ሳቅን። ከዚያ አልሳቅኩም። ነገርኳት። ካፖርቱን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ብዕር ይዘሽ የሰው ፊት ላይ አትጻፊ» አለች። ይኸው ነው። ሌላ ምንም።

መዝገበ ቃላት አወጣሁ። ለበጠ፦ በላዩ ሸፈነ፣ አለበሰ፤ በወርቅ፣ በቆዳ፣ በጨርቅ። ሁለተኛ ትርጉም፦ እንደ ማመስገን ብሎ አፌዘ። አንድ ግስ ነው! ጋሼ ሙጫ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የሚሠሩት? ካርቶን በጨርቅ ይለብጣሉ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ጥረዛ ክፍል ወረድኩ። ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆምኩ። ጋሼ ሙጫ አረንጓዴ ጨርቅ ካርቶን ላይ ዘርግተው በአጥንት ማለስለሻ አየሩን እያስወጡ ነበር። ቀና አላሉም።

«መጣሽ?»

«ጋሼ... ይቅርታ ላድርግ፣ ማለቴ ይቅርታ ልጠይቅ...»

«ቁጭ በይ። ያንን ጥግ ያዥልኝ፣ እንዳይሸበሸብ።»

ያዝኩ። ጣቴ ተጣበቀ። ሳቁብኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በለበጣ ነበር ወይ ያሉት? ‹አይደለም› ካሉኝ እሄድና ተሳስቻለሁ እላለሁ። አሁኑኑ።»

ማለስለሻውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልዋሽልሽ?»

ጣቴን ከካርቶኑ አላቀቅኩ።

«በለበጣ ነው። ከፈለግሽ በሁለት ዙር ለበጣ! ጆሮሽ ደህና ነው ልጄ።»

ምነው ባልጠየቅኳቸው! ውሸት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? አንዲት «አይደለም» ታድነን ነበር።

«ይሄን ካርቶን አየሽው? እርቃኑን ብሰጠው ደንበኛው ይጮህብኛል። ስለዚህ አለብሰዋለሁ። ያ ሰው በልጆቼ እድሜ ሆኖ ሰው ፊት ‹አንተ› ሲለኝ፣ የመጣልኝን ቃል እርቃኑን ብሰጠው ምን ይፈጠር ነበር? ለበጥኩት። እሱም ከነጨርቁ ተቀበለኝ። አንቺ ነሽ ጨርቁን የላጥሽው።»

አለመቆጣታቸው ነው የገደለኝ። ተቆጥተው ቢሆን...

ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ለበጣ ብቻውን አይቆምም። ከሥሩ ካርቶን አለ። ማንም የካርቶኑን ነገር አልጠየቀም።»

ምን ማለታቸው ነው?

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

እትዬ ማኅተም ዘንድ ሄድኩ። «የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ይታረማል?»

ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ አሽከረከሩ። «የመቼው ነው የተፈረመው?»

«የኅዳር 2ቱ።»

«ውይ አንቺ ልጅ! ሙከራ ጊዜሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«በ20።»

«የዲሲፕሊን ጉባኤው በ16 ነው። ቁጠሪው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እህቴ፣ በሁለት ዛፍ የወጣ ቅልጥሙ ይሰበራል። ዝም ብለሽ ‹የጻፍኩት ልክ ነው› በይና ውጪ። ደግሞም ልክ ነው አይደል?»

ልክ ነው። ችግሩ እሱ ነው። ልክ ነው።

ከሰዓት ምክትሉ አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። ሰጥቶኝ አያውቅም። «ሰኞ ትጠየቂያለሽ። ያለውን ብቻ ነው የምትናገሪው። እንዳንቺ ያለ ሰው ነው ይሄ ቤት የሚፈልገው።»

ልብ አልኩ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ ስለ ምክትሉ «አሉ» ማለት አቅቶኛል። «አለ።»

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

«የጻፍኩት ልክ ነው።» «የጻፍኩት ተሳስቷል።» ሁለቱንም መስታወት ፊት ሞከርኩ። ሁለቱም አፌ ውስጥ ይመራሉ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ካርቶኑን አገኘሁት!

ረቂቅ ደብተሬን አወጣሁ፣ ስብሰባው ላይ በጥድፊያ የምጭርበትን። ጋሼ ሙጫ ከመመለሳቸው በፊት ምክትሉ ያለው ቃል በቃል እዚያው አለ፦

«አንተ ሰውዬ፣ መጽሐፍ ነው የምታውቀው ወይስ መርፌ? አንድ ክር ስትጎትት ዕድሜህ አለቀ፣ ማሽኑ አልፎህ ሄደ።»

በገጹ ህዳግ ላይ ደግሞ በራሴ እጅ፦ ጣቱን ቀስሮ። ሰዎች አቀረቀሩ።

ይህ በንጹሑ ቃለ ጉባኤ ላይ ምን ሆነ? ገለጥኩ። «ምክትል ሥራ አስኪያጁ የአዲሱን ማሽን ጠቀሜታ አስረዱ።»

አስረዱ!

ማንም አላዘዘኝም እኮ። ማንም «እንዲህ ብለሽ አሳምሪልኝ» አላለኝም። እጄ ራሱ ነው ያደረገው። ለአለቃው «አስረዱ»፣ ለጠራዡ «በለበጣ»። ለአንዱ ጨርቅ አለበስኩለት፣ የሌላውን ላጥኩበት። ታዲያ ለባጩ ማን ነው? ራሴው አይደለሁ?

አራት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው? 

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ንጹሕ ቅጂ ሠራሁ። ሁሉም ሰው እንዳለው፣ በድምፁ። እማዬ አነበበችውና «እነዚህ ሰዎች ሥራ መቼ ነው የሚሠሩት?» አለች። ከዚያ «ትባረሪያለሽ» አለች። ከዚያ የኮቴን ቁልፍ አጥብቃ ሰፋችልኝ፣ ሰኞ እንዳይበጠስ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ከመርሳቴ በፊት እንዳለ ልጻፈው።

ትንሿ ክፍል። አምስት ሰው። ሰብሳቢው የማሽን ክፍል ኃላፊው፣ «ሞተር» የምንላቸው፤ ከመናገራቸው በፊት ረጅም ጉሮሮ ማጥራት አላቸው፣ የሚነሣ ሞተር ነው የሚመስለው። እትዬ ማኅተም በቀኛቸው። ምክትሉ ፊት ለፊት። ጋሼ ሙጫ ጥግ ላይ፣ ኮታቸውን ተኩሰው። እኔ በር አጠገብ።

ምክትሉ ገጿን አነበበ። «በለበጣ» ላይ ሲደርስ ቆም አለ፣ እንድትሰማ።

ሞተር አጓሩ። «ጠራዡ፣ ምን ይላሉ?»

«አመሰግናለሁ ብያለሁ።»

ምክትሉ ሳቀ። «ጸሐፊዋ ትጠየቅ! እሷ ከዚህ ነገር ምንም ጥቅም የላትም።»

ተነሣሁ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አሉኝ ሞተር።

«አዎ።»

«በለበጣ ነበር ወይስ አልነበረም?»

ጋሼ ሙጫን አየኋቸው። እሳቸው ጣታቸው ላይ የደረቀ ሙጫ ይልጣሉ። «ልዋሽልሽ?» ያሉኝ ትዝ አለኝ።

«በለበጣ ነበር።»

ምክትሉ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። እትዬ ማኅተም ወረቀት ላይ ምልክት አደረጉ።

«ግን ቃለ ጉባኤው ጎደሎ ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። «ለሳቸው ብቻ ነው ድምፅ የጻፍኩላቸው። ለሌላው ሰው አልጻፍኩም። ሙሉውን ይዤ መጥቻለሁ፣ ረቂቁም አብሮ አለ። ላንብብ?»

«አያስፈልግም!» አለ ምክትሉ።

ሞተር አጓሩ። ረጅም ነበር የዛሬው። «ታንብብ።»

አነበብኩ። «ምክትል ሥራ አስኪያጁ ጣታቸውን ወደ ጠራዡ ቀስረው፣ በንቀት፣ ‹አንተ ሰውዬ፣ መጽሐፍ ነው የምታውቀው ወይስ መርፌ?› አሉ። ተሰብሳቢዎቹ አቀረቀሩ። ጠራዡ ተቀምጠው በለበጣ...»

«‹በንቀት›? ‹በንቀት› ያለው ማን ነው? እሷ ማን ናትና ነው የኔን ልብ የምታነብ!»

«እኔ ነኝ ያልኩት ጌታዬ» አልኩ። «‹በለበጣ›ንም እኔው ነኝ ያልኩት። ጆሮው አንድ ነው። ባለፈው ጆሮ አለሽ ተብዬበት እሳቸው ተከሰውበታል፤ ዛሬ ደግሞ የለሽም ከተባልኩ...»

ጨረስኩ? አልጨረስኩም።

እትዬ ማኅተም ቁልፋቸውን ማሽከርከር አቆሙ። ሞተር ሁለቱንም ገጽ ጎን ለጎን አስቀመጡ፣ ጫፋቸውን አስተካከሉ፣ ልክ ወደ ማሽን እንደሚያስገቧቸው።

«እንግዲህ» አሉ። «ወይ ሁለቱም ይግቡ፣ ወይ ሁለቱም ይውጡ። ‹በንቀት› እና ‹በለበጣ›። ጌታዬ፣ እርስዎ ይምረጡልን። እርስዎ ያውቃሉ።»

(በምን ዓይነት ድምፅ እንዳሉት... እዚህም አልጽፈውም።)

ምክትሉ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። አንዱን ገጽ አየ፣ ሌላውን አየ።

«ይውጡ» አለ።

ወጡ። ሞተር በብዕር ሠረዟቸው፣ ፈረሙ፣ እትዬ ማኅተም ማኅተም አሳረፉ። ከዚያ ሞተር የቀረውን ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ልክ ነዎት ጌታዬ። እኛማ ሠላሳ ዓመት በመርፌ ስንጃጃል ኖረን... ደግነቱ እርስዎ ደረሱልን። እናመሰግናለን።» ቀና አሉ። «እዚህ ላይ ጥፋት አላየሁም። ሰው አመሰገነ ተብሎ ይሰናበታል?»

ማንም አልሳቀም። ሁላችንም እየሳቅን ነበር።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ጋሼ ሙጫ በቃል ማሳሰቢያ ተለቀቁ። ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ «ጆሮዋ!» አሉኝ። ይኸው ብቻ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ቀኑ ደረሰ። እትዬ ማኅተም ፖስታውን ሰጡኝ። «እንኳን ደስ አለሽ።» ፊታቸውን አየሁ... ለበጣ የለበትም። ከፈትኩት። ሙከራ ጊዜዬ ሦስት ወር ተራዝሟል። ምክንያት፦ «በቃለ ጉባኤ አያያዝ ላይ ጥንቃቄ ማነስ»።

«ይሄ ነው ደስ አለሽ የሚባለው?»

«ሌላ ደብዳቤ ነበር የተጻፈው። የማኅተሙ ቁልፍ ጠፋ» አሉና አንገታቸውን ነካ አደረጉ። ቁልፉ እዚያው ተንጠልጥሏል።

ተናድጄ ነበር። ከዚያ ምክንያቱን ደግሜ አነበብኩት። ጥንቃቄ ማነስ... ውሸት ነው እንዴ? መጀመሪያዬን እንጂ መጨረሻዬን አላዩም ይሆናል፤ ግን ውሸት አይደለም።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

የምሳ ሰዓቴን ጥረዛ ክፍል እያሳለፍኩ ነው። መርፌ እንዴት እንደሚያዝ እየተማርኩ። ማሽኑ ገብቷል፣ ክሩ ሊቀር ነው፣ ያንን ማንም አልሠረዘውም። «ታዲያ ለምን ያስተምሩኛል?» አልኳቸው። «ሙጫው ሲረግፍ የሚጠግነው ይፈለጋላ።» በምን ድምፅ? ዕቅድ በሚነገርበት ድምፅ። ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ስብሰባ። አጀንዳው ያው ማሽን።

አሁን ደንብ ወጥቷል፦ ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ አይፈረምም። ጋሼ ሙጫ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ፣ እንደ እትዬ ማኅተም ቁልፍ። «የመዝገብ ክር ነው፣ አይበጠስም» አሉ።

ምክትሉ ሊናገር ተነሣ። ወደ ጋሼ ሙጫ ዞረ። «አን...» ብዕሬን አየ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

በስንት ዓመቱ ይሆን?

ጋሼ ሙጫም መለሱለት። ስንት መዝገብ፣ ስንት ቅጠል፣ ከስንት ቀን በኋላ ላላ። ያለ ጨርቅ፣ እርቃኑን። ማንም አልሞተም። ሃያ መዝገብ በክር ተሰፍቶ ከሙጫው ጋር ይወዳደር ተባለ።

ስጽፍ «ተሰብሳቢዎቹ ሳቁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ገብታለች። ጋሼ ሙጫ ቆመው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቃል በቃል አነበቧት። ህዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፉ፦ «ጸሐፊዋም ስቃለች። ይግባ።»

አስገባሁት።

ከፊርማው በላይ ደግሞ አንድ መስመር ጨመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሞተር አይተው አጓሩና አለፉት። እዚህም ልገልብጠው፣ ብዕሬ እንዳይረሳው፦

«ያላልኩት ተጽፎብኛል፣ ወይም ያልኩት ተዘሎብኛል የምትሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እባካችሁ ህዳጉ ላይ ጻፉልኝ። ቦታ ትቻለሁ።»